ካሴቱ ከመጣሉ በፊት መሣሪያው ይመርመር

ቀድሞ በአባቶቻችን ዘመን ሰው ሲሞት ለቤተ ሰቡ መታሰቢያ ሆኖ የሚቀረው በትሩ፤ ጋሻው ወይም ሲጸልይበት የነበረው መጽሐፍ ነበር። ከዚያ በኋላ የፎቶግራፍ ሥዕል መጣና የሟቹ መልክ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታይ ጀመር። በእኛ ዘመን ደግሞ ከመልኩ አልፎ ድምፁን፤ አካሄዱንና ሣቁን ሳይቀር የሚያስቀር የቪዲዮ ካሴት የሚባል ነገር ተገኘ። ዛሬ በብዙ ቤት ሣጥኑ ቢከፈት የሠርግ፤ የክርስትና ወይም የልጆች ልደት የተቀረጸበት ካሴት ከልብስ በታች ተቀምጦ ይገኛል።

ዳሩ ግን ካሴት እንደ ፎቶግራፍ አይደለም። ፎቶግራፍ ቢያረጅም ዓይን ያለው ሰው ሁሉ ያየዋል። ካሴት ግን ያለ መሣሪያ ቢያዩት ጥቁር ክር ብቻ ነው። እንግዲህ ካሴቱ እንደ ተቈለፈ ሣጥን፤ መሣሪያውም እንደ መክፈቻው ቍልፍ ነው ማለት ይቻላል። ቍልፉ ሲቈሽሽና አልከፍት ሲል ሣጥኑ ባዶ ነው ብሎ መጣል ስሕተት ነው። ይህን ስሕተት በየቤቱ ሲሠራ ስላየሁ፤ እኔም ራሴ ስለ ሠራሁት፤ ለአንባቢዎች ይጠቅማል ያልሁትን ከዚህ ቀጥዬ እጽፋለሁ።

ከያቤሎ ወደ ሜጋና ወደ ሞያሌ በሚወስደው ጐዳና ላይ ያለችው ዱብሉቅ በጥልቅ የውሃ ጕድጓዶቿ የታወቀች ናት። የቦረና ሕዝብ ዘጠኙ ቱላ ብሎ ከሚጠራቸው ጥንታዊ ጕድጓዶች መካከል የዱብሉቅ አንዱ ነው። በበጋ ወራት ከብቱ ሊጠጣ በተራ ሲመጣ ሰዎች ከጕድጓዱ ውስጥ አንዱ ካንዱ በላይ ቆመው ውሃውን ኦኮሌ በሚባለው ባልዲ እየተቀባበሉ እስከ ገንዳው ድረስ ያወጡታል። ሥራው ከባድ ስለ ሆነ የሁሉም ክንድ በአንድነት እንዲንቀሳቀስ በዜማ ይቀባበላሉ። ስለዚህም የውጭ አገር ሰዎች እነዚህን ጕድጓዶች የሚዘፍኑ ጕድጓዶች ይሏቸዋል።

ባለፈው በጋ አንዲት ባልቴት ከሴት ልጃቸው ጋራ ወደ ቤቴ መጡ። ልጅቱ በነጠላ የተጠቀለለ ትንሽ ካሜራ ይዛ ነበር። «ጋሼ፤ ይህ ነገር ከእንግዲህ አይሠራም ብለውናል፤ እርስዎ ግን እንዲህ ያለውን ሲፈቱና ሲገጥሙ አይቻለሁና እባክዎ ይዩልን» አለችኝ። ነገሩን ብጠይቅ አጎቷ ነጋዴ ስለ ነበረ በ1999 ዓ.ም. ካሜራውን ከሞያሌ ገዝቶ አምጥቶ፤ አባቷ ከጕድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ዜማውን እያወጣ ውሃ ሲያስቀዳ ቀርጾት ኖሯል። አባትየው ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተ። ልጅቱ ያን ጊዜ ሕፃን ነበረች። «መልኩን በፎቶግራፍ አውቀዋለሁ፤ ድምፁን ግን አላውቀውም» አለች። እናትየው ምንም አልተናገሩም።

ካሴቱን ከተው ሲሞክሩት ሥዕሉ እንደ ተሰበረ ሸክላ በአራት ማዕዘን ቍርጥራጭ ተሞልቶ፤ በመካከሉም አግድም የተሰነጠቀ መስመር እየታየ፤ ድምፁም እየተቋረጠ አስቸገራቸው። በከተማው ያሳዩት ሰው ሁሉ ካሴቱ አርጅቷልና ጣሉት አላቸው። እኔ ግን ፍርዱ የፈጠነ መሰለኝ። በችሎት እንደሚደረገው ሁሉ ምስክሮቹ ለየብቻ ሳይጠየቁ ካሴቱ ሊፈረድበት አይገባምና።

ነገሩን ለማስተዋል አስቀድሞ የመሣሪያውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። የካሴቱ ክር በአንድ ፊቱ እጅግ ደቃቅ የሆነ የመግነጢስ ዱቄት የተቀባ ፕላስቲክ ነው። በካሜራውም ሆነ በዴኩ ውስጥ ከበሮ የሚመስል ትንሽ ክብ ብረት አለ። በዚህ ከበሮ ጠርዝ ላይ ሁለት ወይም ከዚያ የበለጡ፤ ዓይን በጭንቅ የሚያያቸው ትንንሽ ጥርሶች ተተክለዋል። ሄድ የሚባሉት እነርሱ ናቸው። ክሩ በከበሮው ዙሪያ በሰያፍ ተጠምጥሞ በዝግታ ሲጓዝ ከበሮው በብርቱ ፍጥነት ይሽከረከራል፤ ሄዶቹም ክሩን በሰያፍ እየጠረጉ ሥዕሉን ይጽፋሉ፤ መልሰውም ያነቡታል።

ሥዕልን በመግነጢስ ክር ላይ የሚቀርጽ ለሥራ የሚያገለግል መሣሪያ በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1956 በአሜሪካ አገር አምፔክስ የተባለው ኩባንያ አወጣ። ለቤት የሚሆነው ቪኤችኤስ በ1976 ከጃፓን ወጣ፤ በ1985 ባለ 8 ሚሊ ሜትሩ፤ በ1995 ደግሞ ሚኒ ዲቪ የሚባለው ትንሹ ካሴት ተከተለ። በአገራችን በሚሠራበት ሥርዓት የቪኤችኤስ ከበሮ በደቂቃ 1500 ጊዜ ይዞራል። የሚኒ ዲቪ ከበሮ ግን ስፋቱ 21.7 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን በደቂቃ 9000 ጊዜ ይዞራል። ይህም ማለት ሄዱ በክሩ ላይ በሴኮንድ 10 ሜትር ያህል ይሮጣል ማለት ነው። በክሩ ላይ የሚጽፈውም የእያንዳንዱ መስመር ስፋት የአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ እጅ ነው፤ ከሰው ጠጉር ብዙ ጊዜ የቀጠነ ነው። እንግዲህ እንደዚህ ባለ ጠባብ መንገድ ላይ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ወይም ከክሩ የረገፈ ጥቂት ዱቄት በሄዱ አፍ ላይ ብትለጠፍ ሥዕሉ ሁሉ እንደሚጠፋ መረዳት አያዳግትም።

ይህን ካወቅን በኋላ ጥፋቱ ከማን እንደ ሆነ በተራ እንመርምር።

አንደኛ፤ ካሴቱን አውጥቶ ካሜራውን ወደ አንድ ብርሃን ወዳለው ነገር መልሶ በመስተዋቱ በቀጥታ ማየት ነው። በቀጥታ የሚታየው ሥዕል ጥሩ ሆኖ ከካሴቱ የሚመጣው ብቻ ከተበላሸ ሌንሱ ንጹሕ ነው፤ ችግሩም ክሩ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው። በቀጥታ የሚታየውም ከደበዘዘ ግን ሌንሱን በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ፤ ባይሻል ለባለ ሙያ ማሳየት ይገባል እንጂ ሄድ ማጽዳት ከንቱ ድካም ነው። እንዲሁም ሥዕሉ በካሜራው መስተዋት ላይ ጥሩ ሆኖ በቴሌቪዥኑ ላይ ብቻ ቢበላሽ ገመዱን መፈተሽ ነው።

ሁለተኛ፤ ቀድሞ በደኅና ይታይ የነበረ ሌላ ካሴት ማስገባት ነው። ያም ከተበላሸ ጥፋቱ የመሣሪያው ነው። ያ ደኅና ሆኖ አንዱ ብቻ ከተበላሸ ካሴቱ ይጠረጠራል። ነገር ግን ለዚህ ፈተና እጅግ የምትወዱትን ካሴት አታስገቡ። መሣሪያው ክር የሚበላ ከሆነ ሁለተኛውንም ያጠፋባችኋል።

ሦስተኛ፤ ጥፋቱ በካሴቱ ሁሉ ላይ ነው ወይስ በአንድ ቦታ ብቻ? በአንድ ቦታ ብቻ ታይቶ የሚያልፍ ከሆነ በዚያ ላይ ክሩ ተጨማዷል ወይም ተፍቋል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የማይለቅ ከሆነ ግን ሄዱ መቈሸሹን ያመለክታል።

አራተኛ፤ የጥፋቱን መልክ መለየት ነው። በቪኤችኤስና በባለ 8 ሚሊ ሜትሩ ካሴት ሄዱ ሲቈሽሽ ሥዕሉ በረዶ እንደሚዘንብ ነጭ ቅንጣት ይለብሳል። በሚኒ ዲቪ ግን በረዶ የለም፤ ሥዕሉ በአራት ማዕዘን ይቈራረጣል። ከሁለቱ ሄዶች አንዱ ብቻ ሲዘጋ ደግሞ ደኅናው ሥዕልና የተበላሸው አግድም እየተፈራረቁ እንደ ጥለት ይታያሉ። በተለመደው የቪኤችኤስ ዴክ ድምፁን የሚያነበው ሌላ ሄድ ስለ ሆነ ድምፁ ጥሩ ሆኖ ሥዕሉ ብቻ ከጠፋ የሥዕሉ ሄድ መዘጋቱን ያስረዳል። በሚኒ ዲቪ ግን ሥዕሉንም ድምፁንም የሚያነቡት እነዚያው ሄዶች ስለ ሆኑ ሁለቱ አብረው ይጠፋሉ። በቪኤችኤስ ከላይ ወይም ከታች የሚታየው የበረዶ መቀነት ትራኪንግ የሚባለውን ማስተካከያ ሲነኩት ከቦታ ቦታ የሚዛወር ከሆነ እድፍ አይደለም፤ በማስተካከል ይድናል።

አምስተኛ፤ በባዶ ካሴት ላይ አንድ ደቂቃ ያህል አዲስ ቀርጾ መልሶ ማየት ነው። አዲሱም ከተበላሸ ሄዱ ቈሽሿል ወይም አልቋል። አዲሱ ጥሩ ሆኖ አሮጌው ብቻ ከተበላሸ ግን አሮጌው የተቀረጸው አካሄዱ ከተዛነፈ ሌላ ካሜራ ላይ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን የተቀረጸበትን ካሜራ ፈልጎ በእርሱ መሞከር ብዙ ጊዜ ሥዕሉን ይመልሰዋል። ነገር ግን ይህ ፈተና በባዶ ካሴት እንጂ በቤተ ሰብ ካሴት ላይ ከቶ አይደረግም፤ አዲሱ በገባበት አሮጌው ይጠፋልና።

ከእነዚህ ሁሉ በቀር በውጭ አገር ዘመድ ያላቸው ሰዎች አንድ ነገር ማወቅ ይገባቸዋል። ከአሜሪካ የሚላከው ካሴት ኤንቲኤስሲ በሚባለው ሥርዓት የተቀረጸ ሲሆን 525 መስመርና በሴኮንድ 30 ያህል ሥዕል አለው። የአገራችን ሥርዓት ግን ፓል የሚባለው፤ 625 መስመርና በሴኮንድ 25 ሥዕል ያለው ነው። ስለዚህ የአሜሪካው ካሴት በእኛ ዴክ ላይ ቀለሙን ያጣል፤ ወይም ሥዕሉ እየተንከባለለ ይወርዳል፤ ወይም ጨርሶ አይታይም። ይህ የእድፍ ነገር አይደለም። ሁለቱንም ሥርዓት የሚያነብ መሣሪያ መፈለግ እንጂ ሄዱን መፈተግ ጥቅም የለውም።

የባልቴቲቱን ካሜራ በዚህ ተራ ብመረምረው በቀጥታ የሚታየው ሥዕል ጥሩ ነበር፤ ሌላም ካሴት ባስገባ ያው ቍርጥራጭና ያው ጥለት ታየ፤ በባዶ ካሴት አዲስ ብቀርጽም እንደዚያው ሆነ። እንግዲህ ሦስቱ ምስክሮች በአንድ ቃል በመሣሪያው ላይ መሰከሩ፤ ካሴቱም ነጻ ወጣ። ምክንያቱን መፈለግም አላስቸገረኝም። በበጋ የዱብሉቅ አቧራ በበርና በመስኮት፤ በሣጥንም ስንጥቅ ሳይቀር የሚገባ ደቃቅ ነው። ካሜራው ለዓመታት ያለ ከረጢት በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ኖሯል።

በቈላ አገር ከአቧራ ሌላ ሁለት ጠላቶች አሉ። አንዱ ሙቀት ነው። በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ የተተወ ካሴት ክሩ ይኰማተራል። ሁለተኛው እርጥበት ነው። ካሜራ ከብርድ ቦታ ወደ ሞቃት ቦታ በድንገት ሲገባ በከበሮው ላይ እንደ ጤዛ ያለ ውሃ ይይዛል። ያን ጊዜ ክሩ በእርጥቡ ከበሮ ላይ ተጣብቆ ይቈረጣል። ብዙ ካሜራዎች ይህን ሲያውቁ የጠብታ ምልክት አሳይተው አልሠራም ይላሉ። መድኃኒቱ ካሴቱን ሳያስገቡ በሩን ከፍቶ ቢያንስ አንድ ሰዓት መታገሥ ነው።

አሁን ወደ ማጽዳቱ እንምጣ። ማጽዳት በሁለት ዓይነት ነው፤ በማጽጃ ካሴትና በእጅ።

የማጽጃ ካሴት በውስጡ ሻካራነት ያለው ክር የያዘ ሲሆን እንደ ማንኛውም ካሴት ገብቶ ይጫወታል። ከ5 እስከ 10 ሴኮንድ ከሠራ በኋላ ማቆም ይገባል። ወደ ኋላ አይጠነጠንም፤ ያለፈበት ክር እድፍ ይዟልና። ካንድ ጊዜ በኋላ ካልተሻለ ሁለተኛ፤ ቢበዛ ሦስተኛ ጊዜ መሞከር ይቻላል። ከዚያ በላይ መደጋገም ግን ጥርስን በአሸዋ እንደ መፋቅ ነው፤ እድፉን ብቻ ሳይሆን ሄዱንም ይበላዋል። እንዲሁም ሥዕሉ ሳይበላሽ በየሳምንቱ ላጽዳ ማለት ከትጋት አይቈጠርም።

በእጅ ማጽዳት የሚያስፈልገው የማጽጃው ካሴት ሳይበቃ ሲቀር ነው። አስቀድሞ ባትሪውንና የኤሌክትሪክ ገመዱን መንቀል ነው። የሚያስፈልገው ፈሳሽ ኢሶፕሮፒል አልኮል ሲሆን ከመቶ 90 እጅ በላይ ንጹሕ የሆነው ነው። ለቍስል ማጠቢያ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ከመቶ 70 እጅ ነው፤ የቀረው ውሃ ስለ ሆነ ቶሎ አይደርቅም። አረቄና ሽቶ ከቶ አይነካም። መጥረጊያውም ጭረት የማይለቅ፤ እንደ ጨርቅ የለሰለሰ ቆዳ ይሁን። ጥጥ ግን አይሆንም፤ ጭረቱ በሄዱ ጥርስ ላይ ይያዛል።

ቆዳውን በአልኮሉ ጥቂት አርሶ በከበሮው ጐን ላይ ቀስ አድርጎ ማስደገፍ፤ እጅን ሳያንቀሳቅሱ ከበሮውን ራሱን ከላይ ጠርዙን ይዞ በዝግታ ማዞር ነው። ቆዳው ወደ ላይና ወደ ታች ከቶ አይሂድ። የሄዱ ጥርስ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው። ጣትም ከበሮውን አይንካው፤ የጣት ቅባት ይቀርበታልና። ክሩ የሚደገፍባቸውን የብረት ምሰሶዎች በዚያው አልኮል መጥረግ ይቻላል። ክሩን ገፍቶ የሚያስኬደውን የጎማ ተሽከርካሪ ግን አልኮል ስለሚያደርቀው በጥቂት ንጹሕ ውሃ እርጥብ በሆነ ጨርቅ ጠርጎ በደንብ ማድረቅ ይሻላል። ከዚህ በኋላ ካሴት ሳያስገቡ ግማሽ ሰዓት ያህል መጠበቅ ነው። በትንንሾቹ ካሜራዎች ውስጥ ቦታው ጠባብ ስለ ሆነ ከበሮውን ደኅና አድርጎ ማየት ያልቻለ ሰው ሥራውን ለባለ ሙያ ቢተወው ይሻለዋል።

ይህን ምክር የምሰጠው ከመጽሐፍ ብቻ አግኝቼው አይደለም። ከብዙ ዓመት በፊት በቤቴ የነበረው ዴክ በረዶ ቢያሳየኝ፤ እንግዶች ተጠርተው የሠርጋችንን ካሴት ሊያዩ ተቀምጠው ነበርና፤ በችኰላ ክዳኑን ፈትቼ በእንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ ጠቅልዬ ከበሮውን ወደ ላይና ወደ ታች ፈተግሁት። አንዲት ደቃቅ ድምፅ ሰማሁ፤ እንደ ጥፍር መሰበር ያለች። የሄዱ ጥርስ ነበረች። ዴኩ ከዚያ ቀን በኋላ ሥዕል አላሳየም። ሌላ ዴክ እስካገኝ ድረስ ካሴቱ ለዓመታት በሣጥን ቀረ፤ በዚያም መካከል በሠርጌ ቀን የመረቁኝ አባቴ ሞቱ። የቸኰለች አፍስሳ ለቀመች እንደ ተባለው እኔም አፍስሼ የለቀምሁት ዘግይቼ ነው።

ስለዚህ በባልቴቲቱ ካሜራ አልቸኰልሁም። አቧራውን ከውጭ ጠርጌ የማጽጃውን ካሴት አሥር ሴኮንድ አስኬድሁና የራሴን ባዶ ካሴት ቀርጬ አየሁ። ቍርጥራጩ አነሰ፤ ጥለቱ ግን አልለቀቀም። ሁለተኛ ጊዜ አስኬድሁት፤ ጥለቱ ጠበበ። ሦስተኛ ልሞክር እጄን ስዘረጋ መሸ፤ ነገሩንም ለነገ አሳደርሁት። በማግሥቱ የጎማውን ተሽከርካሪ ብመረምረው ተጣባቂ ሆኖ አገኘሁት። እርሱንና ምሰሶዎቹን ጠርጌ፤ ከበሮውንም በቆዳ አንድ ዙር አዙሬ እስኪደርቅ ጠበቅሁ። ባዶው ካሴት ያላንዳች ጥለት ንጹሕ ሥዕል አሳየኝ። የአባትየውን ካሴት ያስገባሁት ከዚያ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ሁለት ደቂቃ ያህል አልታየም። ልጅቱ ቀድሞ ደጋግማ ስትሞክር ክሩ በዚያ ተጣባቂ ጎማ ላይ ተይዞ ተጨማዶ ኖሯል። እናትየው ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን ከፍተው «በዚያ ላይ ነበር አንቺን ታቅፎ የሚናገረው፤ ከዚያ ለእኔ ሰጥቶኝ ወደ ጕድጓዱ ወረደ» አሉ። ልጅቱ አቀረቀረች። እኔም የምለው አጣሁ። የተጨማደደ ክር በማጽዳት አይመለስምና።

ከዚያ በኋላ ሥዕሉ ቀና፤ ድምፁም መጣ። ረጅም ቀጭን ሰው ባዶ ደረቱን ሆኖ ኦኮሌውን ሲቀበል፤ ዜማውን ሲያወጣ፤ ከበታቹ ያሉትም ሲቀበሉት ታየ። ልጅቱ አንድም ቃል ሳትናገር እስከ መጨረሻው ሰማች። ሲያልቅ «እንደገና» አለች። እኔ ግን እንቢ አልኋት። አሮጌ ክር በተጫወተ ቍጥር ይጐዳልና አስቀድሞ መገልበጥ ይገባል ብዬ አስረዳኋት።

ይህ ለሁሉም ቤት የሚሆን ምክር ነው። ካሴቱ መጀመሪያ በደኅና በታየ ቀን፤ ያን ቀን ይገልበጥ። የሚኒ ዲቪ ካሴት ፋየርዋየር በሚባለው ገመድ ወደ ኮምፕዩተር ሲገለበጥ ሥዕሉ ያለ ቅናሽ እንዳለ ያልፋል፤ የአንድ ሰዓት ካሴትም 13 ጊጋ ባይት ያህል ቦታ ይይዛል። ቪኤችኤስና ባለ 8 ሚሊ ሜትሩ ግን ሥዕሉን ወደ ቍጥር በሚለውጥ ትንሽ መሣሪያ በኩል ያልፋሉ። የቴሌቪዥኑን መስተዋት በስልክ መቅረጽ ሌላ መንገድ የጠፋ ዕለት እንጂ ከዚያ በፊት አይመከርም። ቅጂው ቢያንስ ሁለት ሆኖ በሁለት ቤት ይቀመጥ። አንዱ ዲስክ ቢሰበር ሌላው ይተርፋል።

ነገሩም ቀነ ገደብ ያለው ነው። የመጨረሻዎቹን የቪኤችኤስ ዴኮች ይሠራ የነበረው ፉናይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በኤውሮጳ አቆጣጠር በ2016 ሥራውን አቁሟል። በ2019 ዩኔስኮ ከዓለም አቀፉ የድምፅና የሥዕል ቤተ መዛግብት ማኅበር ጋራ ሆኖ በመግነጢስ ክር ላይ ያለው ቅርስ ሁሉ ማንበቢያው ሳይጠፋ እንዲገለበጥ ለዓለም ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ይህ ለታላላቅ ቤተ መዛግብት የተነገረ ቢሆንም በሣጥናችን ላለው አንድ ካሴትም ያው ነው። ካሴቱ በተገለበጠም ጊዜ አይጣል፤ እስከ መነሻው ተጠንጥኖ፤ በማኅደሩ ገብቶ፤ እንደ መጽሐፍ ቀጥ ብሎ ይቁም እንጂ አይተኛ። ከድምፅ ማጕያና ከማናቸውም መግነጢስ፤ ከፀሐይና ከእርጥበት ይራቅ። ዳግመኛ እንዳይቀረጽበት በጐኑ ያለችው መከላከያ ትዘጋ፤ በቪኤችኤስ ካሴት ደግሞ ትንሿ ፕላስቲክ ትሰበር። በክሩ ጠርዝ ላይ ነጭ ሻጋታ የታየበት ካሴት ቢኖር በምንም ምክንያት ወደ መሣሪያው አይግባ፤ ሄዱን አቈሽሾ ለሌሎቹም ያጋባልና።

የባልቴቲቱ ካሴት በያቤሎ ያ ገመድ በተገኘበት አንድ የኮምፕዩተር ቤት ተገለበጠ። ከሳምንት በኋላ ልጅቱ በስልኳ ይዛ መጣች፤ እናትየውም አብረው ነበሩ። አሁን ያለ ፍርሃት ደጋግሞ ማየት ስለ ተቻለ እናትየው በተራ የቆሙትን ሰዎች ከላይ ጀምረው እያመለከቱ በየስማቸው ጠሩልን፤ ይህ እገሌ ነው፤ ይህ የእገሌ ልጅ ነው፤ ይህም ከአባትሽ በፊት ሞቷል እያሉ። እኔም ወረቀት አንሥቼ እንደ ልማዴ ጻፍሁ። ስምንት ሰዎች ነበሩ። ከስምንቱ የአንዱን ስም እናትየው ረሱት፤ ልጅቱም ከሽማግሌዎች ልትጠይቅ ሄደች።

እንግዲህ አንባቢዎች ሆይ፤ ካሴታችሁ ሥዕል ቢነሣችሁ አትጣሉት፤ በቈሸሸ መሣሪያም ደጋግማችሁ አትሞክሩት። በተራ መርምሩ፤ በዝግታ አጽዱ፤ እንደ ታየ ወዲያው ገልብጡ። ከተገለበጠም በኋላ በሥዕሉ ውስጥ ያሉትን ሰዎች የሚያውቅ ሽማግሌ ወይም ባልቴት በቤታችሁ ሳሉ አብራችሁ ተቀምጣችሁ ስሞቹን ጻፉ።